ውሃ አልጠግብ ያለው ማሽን

የአንባቢያን ጥያቄ እና መልስ፣ የቤት ዕቃ ገጽ

ሰላም ጎንደሬዎች እንዴት ሰነበታችሁ፣ የዚህን እትም ደብዳቤዎች ስከፍት ብዙዎቹ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆነው አገኘኋቸው፣ ያውም ስለ ውሃ መብዛት። ስለዚህ የፍሪጅና የምጣድ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሱኝ፣ ዛሬ ማሽን ማሽን እያልን እንውላለን።

ጥያቄ፦ ከማራኪ ነው የምጽፍላችሁ። ከፊት የሚከፈት 7 ኪሎ አውቶማቲክ ማሽን አለን፣ ያገለገለ ነው፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣልኝ፣ እስካሁን አስቸግሮን አያውቅም ነበር። አሁን ግን ውሃ መውሰድ ከጀመረ አያቆምም፣ መስታወቱን አልፎ ይሞላና በሳሙና መሳቢያው በኩል አረፋና ውሃ እየተፋ ኮሪደሩን ያጥለቀልቀዋል። ባለቤቴ «ጥምቀት ሳይደርስ የፋሲልን መዋኛ ቤት አመጣሽው» እያለ ይቀልድብኛል፣ እኔ ግን ምንጣፌ ተበላሽቶ ምን ያስቀኛል። ባለሙያ ጠርቼ ከፈት አድርጎ አየውና ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው ኤሌክትሮኒክስ) ተቃጥሏል፣ ቦርድ እዚህ አይገኝም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ግማሹን ብር ቅድሚያ ስጭኝ አለኝ። ጎረቤቴ ደሞ ጎንደር ከፍታ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ማሽኑን አሳስቶት ነው ትለኛለች። ማንን ልመን? አዎ አንድ የረሳሁት፣ አንዳንዴ ማታ ሳላበራው ያደረ ማሽን ጠዋት ስከፍተው ውስጡ ውሃ ተኝቶ አገኛለሁ። ደሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ሮቶ አለን፣ ግቢ ውስጥ ብረት ላይ ነው የተቀመጠው። እህታችሁ ነኝ።

መልስ፦ እታለም፣ ብሩን እንዳትሰጭው ገና። «አንድ የረሳሁት» ብለሽ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ከላይ ከጻፍሽው ሁሉ ትበልጣለች። ሳይበራ ባደረ ማሽን ውስጥ ውሃ ከተገኘ ውሃው ማንም ሳያዘው ነው የገባው ማለት ነው፣ ቦርድ ደሞ የሚያዘው በኤሌክትሪክ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ነው የሚሆነው። እርግጥ ስፒናው ሶኬት ላይ ተሰክቶ አድሮ ከሆነ ቦርዱን ሙሉ በሙሉ ነፃ ማለት አይቻልም፣ እሱንም ግን ያለ ምንም መሳሪያ ራስሽ መለየት ትችያለሽ።

እንዲህ አድርጊ። ማሽኑን ባዶውን አስጀምሪው፣ ውሃ እየገባ ሹሹ ሲል ስትሰሚ ስፒናውን ከሶኬት ንቀይው። እጅሽ ደረቅ ይሁን፣ ወለሉ ረጥቦ ከሆነ ግን ስፒናውን ጨርሶ አትንኪ ከቆጣሪው ብሬከሩን አውርጂው። ከዛ ጆሮሽን አስጠግተሽ አዳምጪ። መብራቱ ከተቋረጠም በኋላ ውሃው መግባቱን ከቀጠለ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፣ ቦርድ ብትቀይሪ ብትቀያይሪ አይድንም። ወዲያው ጸጥ ካለና ጠብ ጠብም ካላለ ደሞ ቫልቩ ደህና ነው፣ ክፍት ሁን እያለ የሚያዘው ሌላ አካል አለ ማለት ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ። ያ ባለሙያ ይቺን ሙከራ ሳያደርግ ነው ቦርድ ያለሽ፣ እኔ ሌባ ነው አልልም፣ ግን ቦርድ ከቫልቭ ብዙ እጥፍ የሚወደድ ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ መሆን የለበትም።

አሁን ቫልቩ ለምን አልዘጋ ይላል የሚለው ነገር ጎንደር ላይ ሰፋ ያለ ወሬ አለው። ማሽኑ ከጀርባ ውሃ የሚገባበት ጎማ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው ቫልቩ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ሰማያዊ ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ ላይ ጥቅል ሽቦ አለው። ብዙ ሰው ኤሌክትሪኩ ነው ውሃውን የሚዘጋው ይመስለዋል፣ እንደሱ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ለመክፈት ብቻ ነው፣ የሚዘጋው ራሱ የውሃው ግፊት ነው። ውስጡ ክብ ቀጭን ጎማ አለ፣ ጎማው ላይ ደሞ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ጥቃቅን ቀዳዳ አለ፣ በዛች ቀዳዳ ውሃ ወደ ጎማው ጀርባ ያልፍና ጎማውን ከላይ ተጭኖ መግቢያው ላይ ያጣብቀዋል። ያቺ ቀዳዳ በአንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተደፈነች ከጀርባ የሚጫን ውሃ የለም፣ ጎማው አይዘጋም፣ መብራት ብታጠፊ ባታጠፊ ውሃው መንገዱን ይቀጥላል። ቅንጣቷ ቀዳዳው ላይ ሳይሆን ጎማው የሚያርፍበት ከንፈር ላይ ከተቀመጠች ደሞ ይዘጋል ግን ያንጠባጥባል፣ ያ ነው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ጠዋት ውሃ ተኝቶ የሚያገኝሽ።

አሸዋው ከየት ይመጣል እንዳትይኝ። ከከተማችን የውሃ ምንጮች አንዱ የሆነው አንገረብ ግድብ በደለል ስንት ጊዜ እንደተወራለት የጎንደር ሰው ያውቃል። በፈረቃ ውሃ መምጣቱ ደሞ ነገሩን ያባብሰዋል፣ መስመሩ ቀናት ባዶውን ከርሞ ውሃ ሲለቀቅበት ቧንቧው ውስጥ የረጋውን ዝቃጭና ዝገት ጠራርጎ ነው ይዞ የሚመጣው፣ ያቺ ለመጀመሪያ ደቂቃዎች ሻይ መስላ የምትወርደዋን ውሃ ታውቂያታለሽ አይደል፣ እሷን ነው ማሽንሽ የሚጠጣት። ሮቶውም ታጥቦ የማያውቅ ከሆነ ሥሩ ላይ የተኛው ጭቃ ውሃው ሲያንስ ተነስቶ ወደ መስመሩ ይገባል።

ይሄን ለመከላከል ቫልቩ መግቢያ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። ቧንቧውን ዝጊ፣ ጎማውን በእጅሽ ወይም በፒንሳ ፍቺው፣ ሥር ባልዲ ነገር አስቀምጪ፣ ከዛ ወደ ውስጥ ብታዪ ክብ የፕላስቲክ ወንፊት ታገኛለሽ፣ መሀሏ ላይ ያለችውን ብቅ ያለች ነገር በፒንሳ ጫፍ ይዘሽ ስትስቢ ትወጣለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቢና መልሻት። ወንፊቷ ከሌለች ወይም ከተቀደደች ችግርሽ ከየት እንደመጣ አወቅን ማለት ነው፣ እኛ ጋ ደሞ ውሃው ቀጠነብኝ ብሎ ወንፊቱን አውጥቶ የሚጥል ሰው ሞልቷል፣ ለጊዜው ውሃው ፈጠን ይላል ከዛ ቫልቩ ደለሉን በቀጥታ ይውጠዋል። ያገለገለ ማሽን ስለሆነ የፊተኛው ባለቤት አውጥቶት ሊሆን ይችላል፣ እዪው።

ሮቶሽ ደሞ ሌላ ነገር አለው። የማሽኖቹን መመሪያ ብታዪ የውሃ ግፊት ከ0.5 እስከ 8 ባር ወይም ከ1 እስከ 10 ባር ምናምን ይላሉ፣ እንደ ማሽኑ ይለያያል። አንድ ባር ለማግኘት ውሃው ከማሽኑ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ግቢ ውስጥ ብረት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከማሽኑ 3 ሜትር ቢበልጥ ነው፣ ይሄ 0.3 ባር ብቻ ነው። ቫልቩ የሚዘጋው በውሃው ግፊት ነው ብዬሽ የለ፣ ግፊቱ ሲያንስ ጎማው በደንብ አይጣበቅም፣ አዲስ ቫልቭ ቢሆን እንኳ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ ብለሽ እዪ፣ ማሽኑ የሚያጥለቀልቀው በሮቶ ውሃ ስታጥቢ ብቻ ነው ወይስ የመስመር ውሃ በኃይል ሲመጣም? በሮቶ ብቻ ከሆነ ቫልቭ ከመግዛትሽ በፊት ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይ ትንሽ ግፊት የምትጨምር ፓምፕ መስመሩ ላይ ማስገባት ነው መፍትሄው።

በሁለቱም የሚያጥለቀልቅ ከሆነ ግን ቫልቩን ቀይሪው። ፈትቶ አጥቦ መመለስ የሚሞክር አለ፣ አንዳንዴም ይሠራል፣ ግን አብዛኞቹ ቫልቮች ተጣብቀው የተዘጉ ስለሆኑ ሲከፈቱ ይሰበራሉ፣ ቢሠሩም ጎማው ካረጀ ተመልሰው እዛው ናቸው፣ ስለዚህ እኔ ምክሬ መቀየር ነው። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ባለ አንድ መውጫ አለ ባለ ሁለት አለ ባለ ሦስት አለ፣ ቀጥ ያለ አለ የታጠፈ አለ፣ በወሬ ብቻ ከገዛሽ ሳይገጥም ትመለሻለሽ። ጥቅል ሽቦው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉንም እዪ። ስትቀይሪም ከቧንቧው እስከ ማሽኑ ባለው መስመር ላይ ተጨማሪ ማጣሪያ አስገቢ፣ ፈረቃው ሲመጣ ደሞ የመጀመሪያውን ውሃ በባልዲ ተቀብለሽ ለወለልና ለሽንት ቤት አውይው፣ ጠርቶ ሲመጣ ለማሽኑ ክፈቺ። እስክታሠሪው ድረስ አጥበሽ ስትጨርሺ ቧንቧውን ከግድግዳው ዝጊ፣ ምንጣፉን ቢያንስ ታድኚዋለሽ።

እሺ ስፒናውን ስትነቅይ ውሃው ቆመ እንበል። ያኔ ወደ ውሃ ልክ መለኪያው እንሄዳለን። ብዙ ሰው ማሽኑ ውሃውን በዓይን የሚያይ ይመስለዋል እሱ ግን የሚለካው አየር ነው። ገንዳው ሥር ትንሽ ክፍል አለች፣ ከሷ ቀጭን ጎማ ተነስቶ እስከ ማሽኑ አናት ይሄዳል፣ አናቱ ላይ ክብ ፕላስቲክ መለኪያ አለ። ብርጭቆ ደፍተሽ ውሃ ውስጥ ስትነክሪው ውስጡ አየር ታፍኖ እንደሚቀረው ውሃው ከታች ሲነሳ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ይታፈንና መለኪያውን ይገፋዋል፣ መለኪያው ቀጭ ይልና በቃ ሞልቷል ይላል። አሁን ያ ቀጭን ጎማ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ወልቆ ከሆነ፣ ወይም አይጥ በልቶት ከሆነ (አትሳቂ፣ ማሽን ጀርባ ሞቃት ነው አይጥ ይወደዋል) አየሩ ያመልጣል፣ ማሽኑም ውሃው አንገቱ ድረስ ደርሶ ገና ባዶ ነኝ ይላል። ብዙ ማሽን ውሃ ሲበዛ ራሱ ፓምፑን አስነስቶ የሚያፈስበት መከላከያ አለው፣ ግን ያም መከላከያ የሚያውቀው በዚችው ጎማ በኩል ስለሆነ ጎማዋ ከተበላሸች ሁለቱም አብረው ይታወራሉ፣ ለዛ ነው በመሳቢያው በኩል እስኪተፋ ድረስ የሚሄደው።

ይሄን ማየት ከባድ አይደለም። ስፒናው ተነቅሎ፣ ቧንቧው ተዘግቶ፣ የማሽኑን ክዳን ከጀርባ የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተሽ ክዳኑን ወደ ኋላ ሳብ ብታደርጊው ይነሳል። ክቡን መለኪያ ታገኛለሽ፣ ጎማውን ከሱ ላይ ንቀይና ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትሽ እየዳሰስሽ ስንጥቅ ፈልጊ፣ መታጠፊያው ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው። ከዛ መለኪያው ላይ ባጭር ንጹህ ጎማ ቀስ ብለሽ እፍ በይ፣ ቀስ ብለሽ ነው የምልሽ፣ በኃይል ከነፋሽው ውስጡን ትቀጂዋለሽ፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ ቀጭ ሲል ትሰሚዋለሽ። አዲሶቹ ግን ድምፅ የላቸውም፣ ለነሱ ባለሙያ በመሳሪያ ነው የሚያያቸው። ወደ ታች ወዳለችው ክፍል ደሞ በጎማው በኩል እፍ ብትዪ አየር ያለ ችግር ማለፍ አለበት፣ ታፍኖ ከመለሰሽ በሳሙና ዝቃጭ ተደፍኗል ማለት ነው፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል።

እዚህ ላይ ሳሙናውን ሳላነሳ አላልፍም። አረፋ ይተፋል ብለሻል፣ በእጅ ማጠቢያ የተሠራውን ዱቄት ነው የምትጨምሪው? የእጅ ማጠቢያው አረፋ ብዙ እንዲያወጣ ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ለአውቶማቲክ የሚባለው ደሞ አረፋው እንዲያንስ። ማሽን ውስጥ የእጁን ስትጨምሪ አረፋው ያቺን የአየር ክፍልና ጎማዋን ይሞላታል፣ ፓምፑም አረፋ መግፋት አይችልበትም። ለአውቶማቲክ የሚለውን ካጣሽ የእጁን በጣም ቀንሰሽ ጨምሪ፣ እፍኝ ሙሉ አያስፈልግም።

ቦርዱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቫልቩ ደህና ከሆነ፣ ጎማው ደህና ከሆነ፣ መለኪያው ደህና ከሆነ፣ ያኔ ባለሙያው ማሽኑ ከሞላ በኋላ ቫልቩ ላይ አሁንም 220 ቮልት አለ ወይ ብሎ በቴስተር ይለካ። መለኪያው ሞልቷል እያለ ቫልቩ ላይ መብራት ካለ አዎ ቦርዱ ነው፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ሲወዛወዝ ቫልቩን የምታዝዘው ትንሽዬ ዕቃ ተጣብቃ ትቀራለች፣ እሷንም ቢሆን ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ሙሉ ቦርድ ሳይቀየር ሊቀይራት ይችላል። ለመጣው ባለሙያ ይሄን ፊት ለፊትሽ ይለካልሽ በይው፣ እምቢ ካለ ሌላ ጥሪ።

ጎረቤትሽ ያለችው ነገር ግን አይሆንም። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ሳሳ ማለቱ እውነት ነው፣ ግን መለኪያው አንዱ ጎኑ ለክፍሉ አየር ክፍት ነው፣ የሚለካውም በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፣ ስለዚህ ባሕር ዳርቻም ይሁን ዳሸን ተራራ ላይ ያው ነው። ከፍታው የሚነካው ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባለ 95 ዲግሪ ፕሮግራም ያለው ማሽን ካለሽ እሱን ተይው፣ ለነጭ ልብስም 60 ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ። የኔ ማሽን አያጥለቀልቅም ግን ውሃ መውሰድ አያቆምም። ሮቶውን ባዶ አደረገብኝ እኮ! ከበሮው ውስጥ ደሞ ውሃው ከፍ ሲል አይታይም። የት ነው የሚገባው? ያፈስሳል እንዳልል ወለሉ ደረቅ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ የማፍሰሻ ጎማህን እየው፣ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎማውን መሬት ላይ ጥለኸው ወይም ወለሉ ላይ ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ አስገብተኸው ነው የሚሆነው። ጫፉ ከገንዳው ዝቅ ካለ ውሃው ፓምፑ ሳይነሳ ራሱን በራሱ እየሳበ ይወጣል፣ ከበርሜል ቤንዚን በጎማ እንደሚቀዱት በለው፣ ማሽኑ ከላይ ይቀበላል ከታች ያፈስሳል፣ መለኪያው መቼም አይሞላለትም። የጎማውን ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገህ እሰረው፣ ፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ የምታስገባው ከሆነም 15 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይግባ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ምናምን አትድፈነው አየር ይግባበት። ለማረጋገጥ ውሃ እየወሰደ ሳለ የጎማውን ጫፍ ባልዲ ውስጥ አድርግና ተመልከት፣ የፓምፑ ድምፅ ሳይሰማ ውሃ ከወጣ ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ሳሙና በር ነው ቤቴ። ልጄ ሁለት ጉድጓድ ያለው ማሽን ገዝታ ሰጥታኛለች፣ ባንዱ የሚያጥብ ባንዱ የሚጨምቅ። ውሃው ሲሞላ አይቆምም፣ ላዩ ላይ ይፈስሳል። ደሞ ጋቢ ስከትበት ውሃውን ይጠጣዋል፣ እጨምራለሁ፣ ከዛ ሲዞር ይፈስብኛል። ተበላሽቷል ብዬ ለልጄ መንገር ደሞ አፈርኩ።

መልስ፦ እማማ እንደምን ሰነበቱ፣ ምንም አልተበላሸም ለልጅዎም የሚነግሩት ነገር የለም። ባለ ሁለት ጉድጓድ ማሽን ብዙዎቹ ውሃውን ራሳቸው አይዘጉም፣ መለኪያም የላቸውም፣ ቧንቧውን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እርስዎ ነዎት። የሚያዞሩት ቁልፍ የማጠቢያውን ደቂቃ ነው እንጂ የውሃውን አይደለም። ገንዳው ግድግዳ ላይ የውሃ ልክ መስመር አለ፣ እዛ ሲደርስ ይዝጉ፣ ሌላ ሥራ ይዘው እንዳይረሱት የልጅ ልጅ ካለ ስልክ ላይ ደወል ያድርግልዎ።

ከልኩ ካለፈ ውሃው በላይ ሳይሆን በውስጥ በኩል ወደ ማፍሰሻው ጎማ መሄድ ነበረበት፣ ላዩ ላይ የሚፈስስብዎ ያ ጎማ ታጥፎ ወይም ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ወይም ያ ጸጉርና ክር የሚይዘው ወንፊት ተደፍኖ ነው። በነዚህ ማሽኖች የማፍሰሻው ጎማ መሬት ላይ ነው የሚተኛው፣ ከላይ ለአዘዞው ወንድማችን ያልኩት ለእርስዎ አይሠራም። ከላይ ደሞ ውሃ ወደ ማጠቢያው ወይም ወደ መጭመቂያው የሚመራ ትንሽ ገፊ አለ፣ እሱ ወደ መጭመቂያው ተገፍቶ ከሆነ ውሃው እዛ ነው የሚሞላብዎ።

ጋቢውን በተመለከተ፣ ደረቅ ጋቢ ውሃ መጠጣቱ የታወቀ ነው፣ አራት እጥፍ የተሸመነ ጥጥ ነው። መጀመሪያ ጋቢውን ሳፋ ውስጥ ነክረው በደንብ ይራስ፣ ከዛ ማሽኑ ውስጥ ይጨምሩትና ውሃውን ከመስመሩ ዝቅ አድርገው ይሙሉ፣ ሲዞር ከፍ ይላልና። አንድ ጋቢ ብቻ በአንድ ጊዜ። መጭመቂያው ውስጥ ሲከቱት ደሞ ዙሪያውን እኩል ዘርግተው፣ ወደ አንድ ጎን ከተከመረ ማሽኑ ቤቱን ያናውጠዋል። የአውቶማቲክ ባለቤቶችም ጋቢ ስታጥቡ ማሽኑ መሀል ላይ ደጋግሞ ውሃ ቢጨምር አትደንግጡ፣ ጥጡ ስለጠጣበት ነው የሚጨምረው።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ላይ ኦኢ (OE) የሚል ፊደል ይወጣና ይቆማል፣ ኢንተርኔት ላይ አንዱ ውሃ በዝቷል ይላል ሌላው ውሃ አልወጣም ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ማሽኑ የማን ነው የሚለው ነው የሚለየው። ኤልጂ ላይ ኦኢ ማለት ውሃው መውጣት አልቻለም ነው፣ የፓምፑን ፊልተር ከፍተህ ሳንቲምና ቁልፍ ፈልግ፣ የማፍሰሻው ጎማም እንዳልታጠፈ እይ። ሳምሰንግ ላይ ግን ኦኢ ውሃ ከልክ በላይ ገብቷል ነው፣ ያኔ ለማራኪዋ እህታችን የጻፍኩትን ከላይ ጀምረህ ሂድበት። ኤልጂ ውሃ በዛ ሲል ኤፍኢ (FE) ነው የሚለው፣ መለኪያው ራሱ ሲበላሽ ደሞ ፒኢ (PE)።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ውሃ ካፈሰሰ ወዲህ ስነካው ይነዝረኛል፣ ጫማ ሳደርግ ግን አይነዝረኝም። በጫማ እየተጠቀምኩ ልቆይ?

መልስ፦ አይሆንም። ጫማው ንዝረቱን ከአንተ ደበቀው እንጂ አላጠፋውም፣ ነገ በባዶ እግር የሚነካው ልጅ ሊሆን ይችላል። የፈሰሰው ውሃ አንዱን ሽቦ ወይም ሞተሩን አርሶታል፣ ሶኬትህም ኧርዝ (ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የለውም ወይም ተበጥሷል፣ ኧርዝ በትክክል ቢኖር የማሽኑ አካል አይነዝርህም ነበር። ከቆጣሪው አጥፋና ስፒናውን ንቀል፣ ውሃ የሚበዛበትን ምክንያት አስተካክል፣ ማሽኑ ይድረቅ፣ ኤሌክትሪሺያን የሶኬቱን ኧርዝ ይለካልህ፣ የማሽኑንም ሽቦዎች ያይልህ። ኧርዙ ተሠርቶ አሁንም ብሬከሩ ከወደቀ ውስጡ ገና ችግር አለ ማለት ነው፣ መልሰህ መልሰህ አታንሳው። እስከዛው ልብሱን በእጅ እጠቡት።